ጂአርኢ፦ ቃሉን ሁሉ እያወቅኩ የንባብ ጥያቄውን ለምን እስታለሁ?

ቀለም ወዳድ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለማስተርስ ወደ ውጭ ለማመልከት ጂአርኢ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና እያጠናሁ ነው። የተማርኩት የኅብረተሰብ ጤና ነው። ሒሳቡ ብዙም አያስጨንቀኝም። እንቅልፍ የነሣኝ ቨርባሉ፣ ማለትም የቃላትና የንባብ ክፍሉ ነው፤ በተለይ ንባቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቃላት ካርድ አዘጋጅቼ በደንብ ሸምድጃለሁ። ባዶ ቦታ የሚሞላው ጥያቄ ላይ ለውጡ ታይቶኛል። ንባቡ ላይ ግን ንቅንቅ የለም። ፓሴጁን (ምንባቡን) አነባለሁ፣ ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፣ የገባኝም ይመስለኛል። ከዚያ ከአምስቱ ምርጫ ሦስቱን እጥልና ሁለት ላይ እቆማለሁ። ከሁለቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የማነሣው የተሳሳተውን ነው። መልሱን ሳየው «ይሄማ እንዴት መልስ ይሆናል?» እላለሁ።

በፍጥነት ስለማላነብ ይሆን? ወይስ ገና ቃላት ስለሚቀረኝ? ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ሌላ የልምምድ ፈተና ከመክፈቴ በፊት ችግሩ የት ጋ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።


ቶሎ ቶሎ፦

አይዞሽ እህቴ። ፓሴጁን ሙሉ አታንብቢ፣ ጊዜ ይበላል። መጀመሪያ ጥያቄውን እይ። ከዚያ ጥያቄው ውስጥ ያለውን ዋና ቃል ፓሴጁ ውስጥ ፈልጊ። እዚያ አካባቢ ካለው ጋር የሚመሳሰለውን ምርጫ መምረጥ ነው። ቃላትም አታቋርጪ። ቃል ያለው ሰው ጂአርኢን አይፈራም።


የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

ቶሎ ቶሎ፣ ምክርህ ከቅንነት እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን እዚህ ላይ አልስማማም። ያልከው ዘዴ ዝርዝር ለሚጠይቅ ጥያቄ አልፎ አልፎ ይሠራል። ጸሐፊው ምን አቋም አለው፣ ከተባለው ነገር ምን ይከተላል፣ ይህን ክርክር የሚያዳክመው የቱ ነው ለሚሉት ጥያቄዎች ግን ገደል ይከታል። የተሳሳቱት ምርጫዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት እዚያው ፓሴጁ ውስጥ ባሉ ቃላት ነው። ትክክለኛው መልስ ደግሞ ሐሳቡን በሌላ ቃል ያስቀምጠዋል። ቃል እየለቀመ የሚሄድ ሰው ቀድሞ የሚያገኘው ወጥመዱን ነው።

ቀለም ወዳድ፣ ፍጥነትሽን በተመለከተ ፈተናውን በቁጥር እንየው። ጂአርኢ እንደ ፈረንጆቹ ከመስከረም 2023 ወዲህ አጥሯል፤ አሁን ጠቅላላው 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ነው። ቨርባሉ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው 12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 15 ጥያቄ በ23 ደቂቃ። ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ማለት ነው። ከ27ቱ ጥያቄ ግማሽ ያህሉ ንባብ ነው። ባዶ ቦታ የሚሞላውን በደንብ ስለምትሠሪ እዚያ የምታተርፊውን ጊዜ ለንባቡ ታውይዋለሽ። አብዛኞቹ ፓሴጆች ደግሞ አንዲት አንቀጽ ናቸው። አንዲትን አንቀጽ ረጋ ብሎ ለማንበብ ጊዜ አለ።

የሚያቃጥለው የመጀመሪያው ንባብ ሳይሆን ሁለት ምርጫ ላይ ቆመሽ የምታመነቺበት ጊዜ ነው። እሱን ካሳጠርሽ ሰዓቱ ይበቃሻል።


መምህር ዘባሕር ዳር፦

ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ለመግቢያ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆችንም አግዛለሁ። ሁሉም የሚመጡት «መምህር፣ ቃላት ያንሰኛል» እያሉ ነው። የሚያንሳቸው ይኖራሉ። ብዙዎቹን ግን የሚያስቸግራቸው ሌላ ነገር ነው።

ቋንቋው ይሁን ንባቡ የሚይዝሽ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ያንኑ ዓይነት ጥያቄ በአማርኛ ሞክሪው። በአፍ መፍቻ ቋንቋሽም ከሳትሽው የቃላት ካርድ አያድንሽም። ከዚህ በታች አንድ ምንባብ ጽፌያለሁ። እዚህ ያላችሁ ሁሉ ሞክሩት። መልሱን ብቻ ሳይሆን ምክንያታችሁንም ጻፉ።

«ባሕር ዛፍ ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። በወቅቱ በአዲሲቱ ከተማ ዙሪያ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ተመናምኖ ነበር። ባሕር ዛፍ ቶሎ እያደገ፣ ሲቆረጥም ከጉቶው እያቆጠቆጠ ያን ችግር አቃለለ። ዛሬ ብዙዎች ዛፉን ውሃ ይጨርሳል ብለው ይከሱታል። ክሱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ክሱ አዘውትሮ የሚሰማው ዛፉ በምንጭ ዳርና በእርሻ ድንበር ከተተከለባቸው ቦታዎች ነው። እዚያ ወስዶ የተከለው ደግሞ ሰው ነው። ክርክራችን ከዛፉ አልፎ ወደ ቦታ አመራረጥ ካልተሻገረ፣ መልሳችን ‹ይነቀል› ወይም ‹ይተከል› ከማለት አያልፍም።»

ጸሐፊው ከሚከተሉት ውስጥ በየትኛው የሚስማማ ይመስላል?

ሀ. ባሕር ዛፍ ምንጭ ስለሚያደርቅ ከእርሻ አካባቢ መነቀል አለበት።
ለ. ባሕር ዛፍ ውሃ ይጨርሳል የሚለው ክስ ከእውነት የራቀ ነው።
ሐ. ባሕር ዛፍ ያደርሳል የሚባለውን ጉዳት ለመመዘን የተተከለበትን ስፍራ ማየት ያስፈልጋል።
መ. ባሕር ዛፍ ባይገባ ኖሮ አዲስ አበባ ዋና ከተማ ሆና አትቀጥልም ነበር።
ሠ. አገር በቀል ዛፎች ቀስ ብለው ስለሚያድጉ ለማገዶ አይመቹም።


የገበሬ ልጅ፦

ሀ። ይሄ ምን ያከራክራል? ባሕር ዛፍ ሥሩ የደረሰበትን ያደርቃል። እኛ አገር ሄዳችሁ እዩ። በአጠገቡ የተዘራ ጤፍ እንኳ አይበረክትም።


ታሪክ ወዳዱ፦

እኔ መ ነው የምለው። ማገዶ አልቆ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው እንደነበር የታወቀ ነው። ከተማዋን ያቆያት ባሕር ዛፉ ነው። ምንባቡም «ያን ችግር አቃለለ» ይላል።


ቀለም ወዳድ፦

አመሰግናለሁ መምህር። እኔ አሁንም ያው ነገር ደረሰብኝ። ሀን፣ መን እና ሠን ጣልኩና ለ እና ሐ ላይ ቆምኩ። ለ ላይ የቆምኩት ጸሐፊው ዛፉን የሚከላከል ስለመሰለኝ ነው። «ይሁን እንጂ» ካለ በኋላ ጥፋቱን ወደ ሰው ያዞረዋል። ስለዚህ ክሱን አይቀበለውም ብዬ ወደ ለ አዘነበልኩ።


መምህር ዘባሕር ዳር፦

ሦስታችሁም ምክንያታችሁን በግልጽ ስለጻፋችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሱ ሐ ነው። አንድ በአንድ እንሂድ፤ ልምምዱ ያለው መልሱን ከማወቁ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

የገበሬ ልጅ፣ ስለ ባሕር ዛፍ የምታውቀው በዓይንህ ያየኸውን ነው። ማንም አይወስድብህም። ፈተናው ግን ስለ ባሕር ዛፍ አልጠየቀህም። የጠየቀህ ይህ ጸሐፊ በምን እንደሚስማማ ነው። «መነቀል አለበት» የሚል ቃል ከምንባቡ ልታሳየኝ ትችላለህ? «ይነቀል» የሚለው ቃል አለ፤ ግን ጸሐፊው የሚያነሣው የማይበቃ መልስ አድርጎ ነው። ሀ የተሠራችው አንተን ለመሰለ አዋቂ ሰው ነው። ቃሏን ከምንባቡ፣ ሐሳቧን ከሰው ልምድ ወስዳለች።

ታሪክ ወዳዱ፣ የአዲስ ዓለሙን ነገር ስላነሣህ ደስ ብሎኛል። ምንባቡ ውስጥ ግን አዲስ ዓለም የለችም። የዋና ከተማ መዛወር የለም። የማገዶ ችግር ተቃለለ ማለትና ከተማዋ ባልቀጠለች ነበር ማለት የተለያዩ ናቸው። በመካከላቸው ያለውን ርቀት የሞላኸው ከራስህ እውቀት ነው። እውቀቱ እውነት ሲሆን ይብሳል፤ ሰውን የሚይዘው እሱ ነው። «ባይገባ ኖሮ» የሚል ምርጫ ስታዩም ቆም በሉ። ምንባቡ የሆነውን እየተረከ ምርጫው ያልሆነውን ከፈረደ፣ ማስረጃ ያስፈልገዋል።

ቀለም ወዳድ፣ ያንቺው ከሁሉም ስውር ነው። የጸሐፊውን አዝማሚያ በትክክል አይተሻል፤ ሚዛኑን ወደ ሰው እየሳበ ነው። ግን ከዚያ በፊት ያለችውን አጭር ዓረፍተ ነገር ዘለልሻት። «ክሱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም።» ሁለት አሉታ ነው ያለባት። ሲፈታ «ክሱ መሠረት አለው» ነው። ለ ደግሞ «ከእውነት የራቀ ነው» ትላለች። ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ፊት ለፊት ትጋጫለች። ጸሐፊው ዛፉን ከክስ ነጻ አላወጣውም፤ ክሱ ከየት ቦታ እንደሚሰማ ነው የጠየቀው። ይህ መካከለኛ አቋም ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው ጸሐፊውን ደጋፊ ወይም ተቃዋሚ አድርጎ ስለሚያነብ ነው።

ሠ ላይ ማንም አልወደቀም፤ ግን የሚወድቅ አለ። ምንባቡ ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል ይላል። ስለ ሌሎቹ ዛፎች አስተዳደግ ምንም አላለም። አንዱ ቶሎ ያድጋል ሲባል ሌላው ይዘገያል፣ ስለዚህም አይመችም ብሎ መሙላት ከአንባቢ ነው የመጣው።

እንግዲህ ልጄ፣ ምንባቡ በአማርኛ ነበር፤ አንድም የማታውቂው ቃል አልነበረበትም። ሁለት ላይ መቆምሽ ግን አልቀረም።


የገበሬ ልጅ፦

መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጥያቄው «የሚስማማ ይመስላል» ነው የሚለው። ሰውየው ክሱ መሠረት አለው ካለ፣ ጉዳቱም በምንጭ ዳርና በእርሻ ድንበር ከሆነ፣ ከዚያ ይነሣ ቢባል ለምን አይስማማም? እኔ ይስማማል ባይ ነኝ።


መምህር ዘባሕር ዳር፦

ጥያቄህ የጠነከረ ነው፤ ብዙ ተማሪ እዚህ ድረስ አይሄድም። ምንባቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በግሌ ከምንጭ ዳር ቢነሣ ደስ ይለኛል። ምንባቡ ውስጥ ግን አላልኩትም። ስለዚህ አንተም ከምንባቡ ልታረጋግጠው አትችልም።

«ይመስላል» ወይም «ሊባል ይችላል» የሚሉ ቃላት ጥያቄው ላይ ሲመጡ ለግምት ፈቃድ የተሰጠ ይመስላል። አይደለም። ጠያቂው የሚፈልገው በቀጥታ ያልተጻፈ ነገር ግን የተጻፈው የሚያስገድደውን ነው። ሐን ተመልከት። ቃል በቃል ምንባቡ ውስጥ የለችም። ነገር ግን የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች የተቀበለ ሰው ሐን ሊክድ አይችልም። ሀን ግን ሊክድ ይችላል። ልዩነቱ ይኸው ነው።


የቅኔ ቤት ልጅ፦

መምህር ያሉት ነገር የቆየሁበትን ቅኔ ቤት አስታወሰኝ። ሰው ቅኔ መፍታት ማለት የፈለጉትን ወርቅ ማውጣት ይመስለዋል። የኔታ እንዲህ ያለውን አይቀበሉም። ወርቁ ከሰሙ ቃል መውጣት አለበት። «ከየትኛው ቃል አገኘኸው?» ብለው ይይዙሃል። ቃሉን ካላሳየህ የተናገርከው ምንም ያህል ቢያምር የራስህ ነው እንጂ የባለ ቅኔው አይደለም። ኢንፈረንስ የሚሉትን፣ ከተጻፈው ምን ይከተላል የሚለውን ጥያቄ እኔ በዚህ መንገድ ነው የምሠራው። ምርጫውን አያለሁ፣ «ከየትኛው ቃል?» እላለሁ። ጣቴን የማሳርፍበት ከጠፋ እጥለዋለሁ።


ነጭ ጋውን፦

ሰላም ሁላችሁም። እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፤ ሕክምና ለመግባት ኤምካት እያጠናሁ ነው። እኛም ላይ ይህንኑ የመሰለ ክፍል አለ፤ ካርስ ይባላል። በ90 ደቂቃ 9 ፓሴጅ፣ 53 ጥያቄ። ለአንድ ፓሴጅ ከነጥያቄዎቹ 10 ደቂቃ ነው የሚደርሰው። ርዕሶቹ ፍልስፍና፣ ሥነ ጥበብ፣ ታሪክ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ ናቸው። ለመመለስ ከፓሴጁ ውጭ ምንም እውቀት እንደማያስፈልግ ፈተናውን የሚያዘጋጁት ራሳቸው ይናገራሉ። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ላይ ጎበዝ የሆኑ ልጆች ይህ ክፍል ላይ ይቸገራሉ። በሌሎቹ ክፍሎች ያወቁትን ይዘው መግባት ይጠቅማቸዋል፤ እዚህ ይጎዳቸዋል።

ቀለም ወዳድ፣ አንቺ የጤና ሰው ስለሆንሽ አንድ ነገር ልብ በይ። ጂአርኢ ላይ ስለ በሽታ ወይም ስለ ክትባት የሚያወራ ፓሴጅ ሲመጣ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ብለሽ ልትፈጥኚ ትችያለሽ። እዚያ ነው ይበልጥ መጠንቀቅ ያለብሽ። ስለማታውቂው ስለ ከዋክብት የሚያወራው ፓሴጅ እንዲያውም ይቀላል። ከራስሽ የምትጨምሪው ስለሌለሽ ጽሑፉ ላይ ትቆያለሽ።


ቀለም ወዳድ፦

ይሄ ሁሉ ደግ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ነጭ ጋውን ያልሽው እውነት ነው። የጤና ፓሴጅ ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነው የምጀምረው፤ የምስተውም እሱን ነው።

አሁን ልምምዱን ልጠይቅ። እስካሁን የማደርገው ሰዓት ይዤ ጥያቄ መፍታት፣ ማረም፣ ማብራሪያውን ማንበብ፣ ወደ ሚቀጥለው ማለፍ ነው። ማብራሪያውን ሳነበው ሁሌም ይገባኛል። በማግስቱ ግን ያው ነኝ። ምን ልቀይር?


የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

ማብራሪያውን ቶሎ ማንበብ ተይ። የሌላ ሰው ማብራሪያ ሲነበብ ሁሌም ይገባል፤ ሥራውን የሠራው እሱ ነዋ።

ለተወሰነ ጊዜ ሰዓቱንም ተይው። ፓሴጁን አንብቢና ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍኚ። ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በራስሽ አማርኛ ጻፊ። «ጸሐፊው እንዲህ የሚባለውን ነገር እንዲህ ብሎ ይገድበዋል» ዓይነት። ርዕሱን ብቻ አትጻፊ። «ስለ ባሕር ዛፍ ነው» ማለት ሐሳብ አይደለም። ጸሐፊው ስለ ባሕር ዛፍ ምን እያደረገ ነው? እየነቀፈ ነው፣ እየመከተ ነው፣ የሁለት ወገን ክርክር እያስታረቀ ነው? እሱ ነው የሚፈለገው። ከዚያ ጥያቄውን አንብቢና ምርጫ ሳታዪ መልሱን ገምቺ። ወረቀቱን አንሺው።

አሁን ዋናው። ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ የጣለችውን ቃል አክብቢ። ምርጫው ሙሉ በሙሉ መጥፎ አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ አንዲት ቃል ናት የምታበላሸው። «ብቻ»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ዋነኛው ምክንያት»፣ «ከዚህ በፊት ማንም ያላየው»። ወይም ንጽጽር ያልተደረገበት ቦታ «ይልቅ» የሚል ይገባል። ለትክክለኛው ምርጫ ደግሞ የሚደግፈውን ዓረፍተ ነገር ከፓሴጁ አስምሪበት። ይህን ሁሉ ሳትጨርሺ መልሱን አትይ።

አዝጋሚ ነው። አንዲት ፓሴጅ ላይ ረጅም ሰዓት ትቀመጫለሽ። ግን በዚህ መንገድ የሠራሻት አንዲት ፓሴጅ ሳታጣሪ ከፈታሻቸው ብዙ ፓሴጆች ትበልጣለች። ሁለት ላይ ስትቆሚ ሁለቱንም ለማጽደቅ መከራከር ትተሽ አንዱን የምትጥል ቃል መፈለግ ትለምጃለሽ። ሰዓቱን ከዚያ በኋላ መልሺው።

ሌላ ነገር፤ ጥያቄ የምትወስጂበትን ቦታ ምረጪ። ፈተናውን የሚያወጣው ኢቲኤስ ራሱ ያወጣቸውን የልምምድ ጥያቄዎች አስቀድሚ። ፓወርፕረፕ የሚባሉ ሁለት ሙሉ ፈተናዎች በነጻ አሉት። እነሱን አሁን አትጨርሻቸው፤ ወደ መጨረሻው አቆያቸው። ሌሎች ድርጅቶች የሚያዘጋጁት ጥያቄ ለሒሳቡ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ለንባቡ ግን ብዙዎቹ ምርጫዎች ያን ያህል ጥንቃቄ የላቸውም። ደካማ ጥያቄ ላይ እየተከራከርሽ ጆሮሽን ታበላሺያለሽ።


ቶሎ ቶሎ፦

የሲልቨር ስፕሪንጉ፣ ይሄ ሁሉ ለአንድ ጥያቄ? ፈተና ላይ እኮ ደቂቃ ተኩል ነው ያለው።


የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

ፈተና ላይ አይደለም ወንድሜ፤ ልምምድ ላይ ነው። ፈተና ላይ የምትጽፈው ነገር የለም። ዓይንህ ግን የለመደውን ይሠራል። «ይሁን እንጂ» የምትለው ቃል ጋ ስትደርስ ራስህ ትዘገያለህ። ከሷ በፊት ያለው የሌሎች አስተያየት፣ ከሷ በኋላ ያለው የጸሐፊው አቋም ሊሆን እንደሚችል ትጠብቃለህ። እዚህ ላይ ሳትደክም የምትደርሰው ቀድመህ በዝግታ ስለሠራኸው ነው።

ጥያቄ የመዝለልንም ነገር አትርሱ። ጂአርኢ ላይ በአንድ ክፍል ውስጥ ጥያቄውን ምልክት አድርጎ መዝለልና መመለስ ይቻላል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም። ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም። የመጀመሪያው ክፍል ውጤት የሁለተኛውን ክፍል ክብደት ስለሚወስን ግን መጀመሪያው ላይ መቻኮል አያዋጣም።


አንዲት እናት፦

ይቅርታ ጣልቃ ከገባሁ። ልጆች አስተኝቼ ማታ ነው የማጠናው። እኔን የሚጥለኝ ሦስት ምርጫ ያለው ጥያቄ ነው። «ትክክል የሆኑትን ሁሉ ምረጡ» የሚለው። አንዱን አገኘዋለሁ፤ ሌላው ይቀርብኛል።


መምህር ዘባሕር ዳር፦

እሱ ላይ እህቴ፣ ሦስቱን ምርጫ እርስ በርስ አታወዳድሪያቸው። ሦስት የተለያዩ የእውነት ወይም ሐሰት ጥያቄዎች አድርገሽ ውሰጃቸው። መልሱ አንድም፣ ሁለትም፣ ሦስቱም ሊሆን ይችላል። ለግማሽ መልስ ግማሽ ነጥብ ስለማይሰጥ አንዱን አግኝቶ መርካት ዋጋ የለውም። «የተሻለው የቱ ነው?» የሚል ልማድ ከአምስት ምርጫው ጥያቄ ይዘን እንመጣለን፤ እዚህ ግን ማስረጃ ያለው ሁሉ ይገባል።

ማታ ደክሞሽ ከሆነ የምታጠኚው፣ አዲስ ጥያቄ አትጀምሪ። ቀን ያነበብሻትን አንዲት ፓሴጅ ይዘሽ ምርጫዎቹን ብቻ መርምሪ። ድካም ባለበት ሰዓት የሚሻለው እሱ ነው።


ደጀ ጠኚ፦

እኔ ወደ ውጭ የመሄድ ሐሳብ የለኝም። እዚሁ ማስተርስ ለመማር ጋት የሚባለውን የአገር ውስጥ የመግቢያ ፈተና ነው የምፈተነው። ይሄ ሁሉ ለኔ ይጠቅማል?


የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

ይጠቅማል። የቃል ክፍል ያለው ፈተና ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ቅርጹን ግን ከትምህርት ሚኒስቴር ማስታወቂያ ተከታተል፤ የጂአርኢን ሰዓትና የጥያቄ ብዛት ይዘህ አትሂድ።

ለቀለም ወዳድም አንድ ነገር ልጨምር። ከ2020 ወዲህ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍሎች ጂአርኢን አስገዳጅ ማድረግ ትተዋል። የፈተናው ክፍያ ከ200 ዶላር በላይ ነው፤ ለኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም። የምታመለክቺባቸውን ትምህርት ክፍሎች ገጽ አንድ በአንድ ከፍተሽ እይ። «አይፈለግም» የሚል ይኖራል፣ «ከፈለጋችሁ ላኩ» የሚል ይኖራል፣ የግድ የሚልም ይኖራል። ውጤቱ ለ5 ዓመት ስለሚያገለግል ዘንድሮ ባታመለክቺም አይባክንም።


ቀለም ወዳድ፦

አይቻለሁ፤ ከመረጥኳቸው አንዱ የግድ ይላል። ልፈተን ነው።

ትናንት ማታ የሲልቨር ስፕሪንጉ እንዳለው ምርጫዎቹን ሸፍኜ ሠራሁ። አንድ የታዘብኩት ነገር፦ ሐሳቡን በራሴ ቃል ጻፊ ስባል ለመጻፍ ያቃተኝ ፓሴጅ አለ። ሳነበው ግን ገብቶኛል ብዬ ነበር። መምህር፣ እባክዎ ሌላ አንድ በአማርኛ ይስጡን። እንደ ባሕር ዛፉ አቋም የሚጠይቅ ሳይሆን ክርክር አዳክሙ የሚለውን።


መምህር ዘባሕር ዳር፦

እሺ ልጄ። አጭር ነው።

«በአንድ ከተማ ያለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማታ እስከ 3 ሰዓት ክፍት መሆን ጀመረ። በዚያው ዓመት የከተማው የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ካለፈው ዓመት ከፍ አለ። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍቱ ማታ መከፈት የተፈታኞቹን ውጤት አሻሽሏል።»

ይህን ክርክር ይበልጥ የሚያዳክመው የቱ ነው?

ሀ. ማታ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ከሚመጡት አብዛኞቹ ከሥራ የሚወጡ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ነበሩ።
ለ. ቤተ መጻሕፍቱ በዚያው ዓመት የመብራት ወጪው ጨምሯል።
ሐ. በጎረቤት ከተማ ያለው ቤተ መጻሕፍት ማታ አይከፈትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለያል። ምርጫዎቹ እውነት ናቸው ብላችሁ ትነሣላችሁ። የምትጠየቁት እውነት ከሆኑ ድምዳሜውን ምን ያደርጉታል የሚለውን ነው።


የገበሬ ልጅ፦

ሐ ወደ ዓይኔ መጣች፤ ግን «ከየትኛው ቃል?» ብዬ ያዝኳት። ጎረቤት ከተማ ማታ አይከፈትም እንጂ የጎረቤት ከተማ ተፈታኞች ውጤት ምን እንደሆነ አልተነገረንም። እዚያም ከፍ ብሎ ከሆነ ክርክሩን ይጎዳል፤ ዝቅ ብሎ ከሆነ እንዲያውም ያግዘዋል። እኔ ከሞላሁት ነው የምትሠራው። ጣልኳት።


ቀለም ወዳድ፦

ለ ስለ ወጪ ነው፤ ድምዳሜው ስለ ውጤት ነው። ምንም አይነካውም። እኔ ሀ ነው የምለው። ክርክሩ ማታ የሚመጡት ተማሪዎቹ ናቸው ብሎ ሳይናገር ወስዷል። ሀ እውነት ከሆነ በሩ ቢከፈትም ውስጥ የተቀመጡት በአብዛኛው ሌሎች ሰዎች ናቸው። አንድ የሚያሳስበኝ ግን «አብዛኞቹ» ነው የሚለው። ጥቂት ተማሪዎችም መጥተው ይሆናል።


መምህር ዘባሕር ዳር፦

ሀ ነው፤ ሁለታችሁም በትክክለኛው መንገድ ሄዳችኋል። ስጋትሽም ተገቢ ነው፤ ግን ጥያቄው «የሚያፈርሰው» ሳይሆን «ይበልጥ የሚያዳክመው» ነው የሚለው። ጥቂት ተማሪዎች ቢመጡም የከተማውን ሁሉ ውጤት ከፍ አደረጉ ለማለት ክርክሩ አሁን ሌላ ማስረጃ ያስፈልገዋል። መዳከም ማለት ይኸው ነው። ነገ ማታ ደግሞ ይህንኑ ምንባብ የሚያጠናክር ምርጫ አንቺ ራስሽ ጽፈሽ አምጪ።


ቀለም ወዳድ፦

እሺ መምህር። ከነወጥመዶቹ ጽፌ አመጣለሁ።